ሲጋራ፣ ፊልምና ታዳጊ ተማሪዎች፦ የጤና ትምህርታችን የሳተው ዒላማ

ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ ትምህርት ቤት ተገኝቼ ለ7ኛ እና ለ8ኛ ክፍል ተማሪዎች ስለ ሲጋራ ጎጂነት እንዳስተምር ተጋብዤ ነበር። የያዝኩት ዝግጅት በሙያችን የተለመደው ነው፤ የጤናማና የተጎዳ ሳንባ ሥዕል፣ በትምባሆ ጭስ ውስጥ የሚገኙ መርዛማ ንጥረ ነገሮች ዝርዝር፣ የካንሰር ዓይነቶች፣ በመጨረሻም ምክር። ተማሪዎቹ በጸጥታ አዳመጡኝ። የጥያቄ ጊዜ ሲደርስ ዕድሜው አሥራ ሦስት ወይም አሥራ አራት የሚሆን ልጅ ከኋላ ወንበር ተነሣና፣ «ዶክተር፣ ፊልም ላይ የሚያጨሱት ሰዎች ለምንድን ነው የማያስላቸው?» አለኝ። ክፍሉ በሳቅ ተሞላ። እኔም አብሬ ሳቅሁና «እሱ እኮ ፊልም ነው» ብዬ ወደ ሌላ ጥያቄ አለፍኩ።

ወደ ቤቴ ስመለስ ግን ጥያቄው ቀልድ እንዳልነበረ ተረዳሁ። እኔ አርባ ደቂቃ ሙሉ ስለ ሳንባ ስናገር ልጁ ሲያስብ የነበረው ስለ ሰውየው ነው። እኔ ከማሳየው ሥዕል አስቀድሞ፣ ከእኔም ይልቅ ደጋግሞ፣ እያጨሰ የማያስለውን፣ የማያረጀውንና የማይፈራውን ሰው አይቷል። ይህ ጽሑፍ የሚነሣው ከዚያ ጥያቄ ነው። ዓላማው መገናኛ ብዙኃንን መውቀስ ብቻ አይደለም፤ በዋናነት የሚተቸው እኛ የጤና ባለሙያዎች ለመገናኛ ብዙኃን ተጽዕኖ የምንሰጠውን መልስ ነው።

ፊልም ስለ ሲጋራ የሚያስተምረው ምንድን ነው?

ሲጋራ ለጤና ይጠቅማል ብሎ የሚሰብክ ፊልም የለም። ፊልም ስለ ሲጋራ በቃል የሚናገረው ነገር ከሞላ ጎደል ምንም ነው ማለት ይቻላል። የሚያስተምረው በሌላ መንገድ ነው፤ ይኸውም ማን እንደሚያጨስና መቼ እንደሚያጨስ በማሳየት ነው። ከባድ ውሳኔ የተጋረጠበት ሰው ብቻውን ቆሞ ሲጋራ ይለኩሳል። ከሞት ያመለጠ ያጨሳል። ፍቅረኛው የከዳችው ያጨሳል። ማንንም የማትለማመጠው ባለጸጋ ሴት ታጨሳለች። ሕግ የማይገታው ወሮበላም ያጨሳል። አንዳንድ ወላጆች «የሚያጨሰው ክፉው ሰው ስለሆነ ልጄ አይከተለውም» እያሉ ይጽናናሉ። ይሁን እንጂ በብዙ ፊልሞች ውስጥ ክፉው ሰው ከደጉ ይልቅ ደፋር፣ ጥሩ ለባሽና ለማንም የማይታዘዝ ሆኖ ይቀረጻል። ለአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ደግሞ ለማንም አለመታዘዝ በራሱ ማራኪ ነገር ነው።

ፊልሙ የሚደብቀው ነገርም ከሚያሳየው ባልተናነሰ ሁኔታ ያስተምራል። በፊልም ውስጥ ሲጋራ ሽታ የለውም፤ ዋጋ የለውም፤ ጥርስ አያበልዝም። ሌሊት ሲጋራ አልቆበት ከሱቅ ሱቅ የሚንከራተት ጀግና አናይም። ለማቆም ሦስት ጊዜ ሞክሮ ያልቻለ፣ በዚህም የሚያፍር ጀግና አናይም። የትምባሆ በሽታዎች ጠባይም ለፊልም የተመቸ ነው። የሳንባ ካንሰርና ሥር የሰደደ የመተንፈሻ አካል ሕመም አብዛኛውን ጊዜ የሚገለጹት ከአሥርተ ዓመታት በኋላ ሲሆን ፊልሙ የሚያልቀው በሁለት ሰዓት ነው። ስለሆነም ተመልካቹ ልጅ ብድሩን ሲቀበሉ ያያል እንጂ ወለዱን ሲከፍሉ አያይም።

ይህን የምጽፈው ከዳር ቆሜ አይደለም። የመጀመሪያዋን ሲጋራ የቀመስኩት በአሥራ አራት ዓመቴ ነበር። ባደግሁበት ከተማ አንድ ብር ተከፍሎ የሚገባበት፣ መስኮቱ በብርድ ልብስ የተጋረደ፣ አግዳሚ ወንበሮች የተደረደሩበት ቪዲዮ ቤት ነበር። አንድ ቅዳሜ ከሦስት የክፍል ጓደኞቼ ጋር የወንበዴዎች ፊልም አይተን ስንወጣ ከጀብሎ አንድ ፍሬ ሲጋራ ገዝተን ከአጥር ጀርባ ተካፈልናት። ሁላችንንም አሳለችን፤ ዓይናችን በእንባ ተሞላ፤ ጣዕሟን የወደደ አንድም አልነበረም። ነገር ግን አራታችንም የያዝናት ፊልሙ ላይ ያለው ሰውዬ በያዘበት አኳኋን ነበር። ከአራታችን የአንዳችንም አባት አያጨስም። ያንን አያያዝ የተማርነው ከቤታችን እንዳልነበረ ግልጽ ነው። እኔና ሁለቱ ጓደኞቼ ከጥቂት ሙከራ በኋላ ተውነው። አራተኛው ግን ቀጠለ። ከሃያ ዓመት ገደማ በኋላ ማጨሱን እንዲያቆም እንድረዳው ወደ ሥራ ቦታዬ መጣ። ወንበሩ ላይ ተቀምጦ «አንተ ዶክተር ሆንክ፣ እኔ በሽተኛህ ሆንኩ፤ የጀመርነው ግን አብረን ነው» አለኝ። የምመልስለት አልነበረኝም።

ማስረጃው ምን ይላል?

የአንድ ሰው ትዝታ ማስረጃ ሊሆን አይችልምና ወደ ጥናቶቹ እንለፍ። እ.ኤ.አ. በ2001 በብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል የታተመ ጥናት በአሜሪካ ኒው ኢንግላንድ አካባቢ ከ9 እስከ 15 ዓመት የሆናቸውን 4,919 ተማሪዎች ያካተተ ነበር። ተመራማሪዎቹ በየፊልሙ ውስጥ ስንት የማጨስ ትዕይንት እንዳለ አስቀድመው ቆጠሩ፤ ከዚያም ተማሪዎቹ የትኞቹን ፊልሞች እንዳዩ ጠየቁ። ቢበዛ 50 የማጨስ ትዕይንት ካዩት ተማሪዎች መካከል ሲጋራ የሞከሩት 4.9 በመቶ ሲሆኑ ከ150 በላይ ካዩት መካከል የሞከሩት 31.3 በመቶ ነበሩ።

የዚህ ዓይነቱ ጥናት መረጃውን የሚሰበስበው በአንድ ጊዜ በመሆኑ የቱ እንደቀደመ ለመለየት አያስችልም። ለማጨስ ያዘነበለ ልጅ ሲጋራ የሚበዛባቸውን ፊልሞች መርጦ አይቶ ሊሆን ይችላልና። ይህን ክፍተት ለመሙላት እ.ኤ.አ. በ2003 ዘ ላንሴት ላይ የወጣው ተከታይ ጥናት ሲጋራ ሞክረው የማያውቁ፣ ከ10 እስከ 14 ዓመት የሆናቸውን 2,603 ልጆች ከ13 እስከ 26 ወራት ተከታተለ። በዚህ ጊዜ ውስጥ ከአሥሩ አንዱ ያህል ሲጋራ ሞከረ። በፊልም ላይ ብዙ የማጨስ ትዕይንት ካየው ሩብ መካከል የሞከሩት 17 በመቶ፣ ጥቂት ካየው ሩብ መካከል ደግሞ 3 በመቶ ነበሩ። የልጁ ጠባይ፣ የትምህርት ውጤቱ፣ የጓደኞቹ፣ የወንድምና እህቶቹ እንዲሁም የወላጆቹ ማጨስ በስሌቱ ውስጥ ከገቡ በኋላም ልዩነቱ ወደ 2.7 እጥፍ ይጠጋ ነበር። ለእኛ ከሁሉ በላይ ሊያሳስበን የሚገባው ግኝት ደግሞ ሌላ ነው፤ ተጽዕኖው ይበልጥ ጠንክሮ የታየው ወላጆቻቸው በማያጨሱ ልጆች ላይ ነው። ወደዚህ ነጥብ በኋላ እመለሳለሁ።

እ.ኤ.አ. በ1999 የታተመ አንድ የሙከራ ጥናትም አለ። ተመራማሪዎቹ «ሪያሊቲ ባይትስ» የተባለውን ፊልም ለሁለት አዘጋጅተው ለ9ኛ ክፍል ተማሪዎች አሳዩ፤ አንደኛው የማጨስ ትዕይንቶቹ ያሉበት፣ ሌላው የተቆረጡበት ነበር። የማጨስ ትዕይንቶቹን ያዩት ተማሪዎች አጫሾችን ከፍ አድርገው የመገመትና ራሳቸውም ለማጨስ የማሰብ ዝንባሌ አሳዩ። ከፊልሙ በፊት አንድ ፀረ ሲጋራ ማስታወቂያ በቀደመላቸው ተማሪዎች ላይ ግን ይህ ተጽዕኖ አልታየም። እንግዲህ መርዙም ማርከሻውም በአንድ ሙከራ ውስጥ ተገኝተዋል።

እነዚህንና ሌሎች ጥናቶችን በማገናዘብ የአሜሪካ ብሔራዊ የካንሰር ኢንስቲትዩት እ.ኤ.አ. በ2008፣ የአሜሪካ የጤና ጥበቃ ዋና ሐኪም ሪፖርት ደግሞ በ2012 በፊልም ላይ በሚታይ ማጨስና በወጣቶች ማጨስ መጀመር መካከል ያለው ግንኙነት የምክንያትና ውጤት ግንኙነት ነው ብለው ደምድመዋል።

ሆኖም እዚህ ላይ ራሳችንንም መግታት ይኖርብናል። የ2003ቱ ጥናት ባለቤቶች በጥናታቸው ከታየው ሲጋራ የመሞከር ድርጊት 52 በመቶው በፊልም ምክንያት የመጣ ሊሆን እንደሚችል ገምተዋል። ይህን ቁጥር አንሥተን በአገራችን መድረክ «ከአጫሽ ወጣቶች ግማሾቹ በፊልም ምክንያት የጀመሩ ናቸው» ማለት ትልቅ ስህተት ነው። አንደኛ፣ ግምቱ የተሠራው በአንድ የአሜሪካ አካባቢ ልጆች የፊልም አመለካከት ልማድ ላይ ተመሥርቶ ነው፤ ልማዱ ሲለወጥ ድርሻውም ይለወጣል። ሁለተኛ፣ ጥናቱ የለካው መሞከርን እንጂ ዘወትር ማጨስን አይደለም።

ይህ ማለት ግን መሞከር ቀላል ነገር ነው ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2000 በታተመ ሌላ ጥናት የ12 እና የ13 ዓመት ልጆችን የተከታተሉ ተመራማሪዎች አልፎ አልፎ ማጨስ ከጀመሩት 95 ልጆች መካከል 22 በመቶው በወር ቢያንስ አንድ ጊዜ ማጨስ በጀመሩ በአራት ሳምንት ውስጥ የሱስ ምልክት እንደታየባቸው አረጋግጠዋል። በዚህ ዕድሜ ያለ አእምሮ ገና በግንባታ ላይ ያለ በመሆኑ ለኒኮቲን ያለው ተጋላጭነት ከአዋቂው የበለጠ ነው። በ2012ቱ ሪፖርት እንደተገለጸውም በአሜሪካ ዘወትር ከሚያጨሱ አዋቂዎች ከአሥሩ ዘጠኝ የሚሆኑት የመጀመሪያውን ሲጋራ ያጨሱት 18 ዓመት ሳይሞላቸው ነው።

ምስሉ በአጋጣሚ የመጣ አይደለም

የፊልም ባለሙያዎች «እኛ ሕይወትን እንዳለች ነው የምናሳየው» ይላሉ። አባባሉ ከፊል እውነትነት ቢኖረውም የትምባሆ ኩባንያዎች የራሳቸው ሰነዶች ሌላ ታሪክ ይነግሩናል። እ.ኤ.አ. በ1983 ተዋናዩ ሲልቬስተር ስታሎን ብራውን ኤንድ ዊልያምሰን የተባለውን ኩባንያ ሲጋራዎች በአምስት ፊልሞች ውስጥ ለመጠቀም 500,000 ዶላር እንደሚከፈለው የሚገልጽ ደብዳቤ ላይ መፈረሙ ይፋ ሆኗል። እ.ኤ.አ. በ1989 በወጣው «ላይሰንስ ቱ ኪል» የጄምስ ቦንድ ፊልም ውስጥ ላርክ የተባለው ሲጋራ እንዲታይ ፊሊፕ ሞሪስ 350,000 ዶላር ከፍሏል። ይኸው ኩባንያ ባዘጋጀው የ1981 የውስጥ የጥናት ሰነድ ላይ የዛሬው ታዳጊ የነገው ደንበኛ እንደሆነ በግልጽ ተጽፎ ተገኝቷል።

ለልጆች ዓይን የተሠራው ምስል ምን ያህል ኃይል እንዳለው ለማወቅ የካሜል ሲጋራን የግመል ካርቱን ማስታወስ ይበቃል። ይህ ካርቱን በአሜሪካ ከ1988 እስከ 1997 በማስታወቂያነት አገልግሏል። እ.ኤ.አ. በ1991 በአሜሪካ ሕክምና ማኅበር መጽሔት የወጣ ጥናት እንዳመለከተው የስድስት ዓመት ልጆች 91.3 በመቶ የሚሆኑት የግመሉን ሥዕል ከሲጋራ ሥዕል ጋር በትክክል አዛምደዋል፤ ይህም ሚኪ ማውስን ከሚያውቁበት መጠን ጋር የተቀራረበ ነው። ለትምባሆ የሚሆኑ የካርቱን ማስታወቂያዎችና በፊልም ውስጥ በክፍያ የሚደረግ የሲጋራ ማስተዋወቅ በአሜሪካ የተከለከሉት በ1998 በተደረገው ታላቁ የስምምነት ውል ነው። ውሉ ክፍያውን ያስቆም እንጂ ምስሉን አላስቆመም። በአርባና በሃምሳ ዓመታት ጊዜ ውስጥ የተገነባው «የሚያጨስ ሰው እንዲህ ያለ ሰው ነው» የሚለው ልማድ ያለ ክፍያም መቀጠሉን ቀጠለ።

«ማጨስ የአዋቂዎች ነው»

ከዚህ በኋላ ያለው የትችቴ ዋና ክፍል ነው። ፊሊፕ ሞሪስ እ.ኤ.አ. በ1998 ወጣቶች እንዳያጨሱ የሚመክር ሰፊ የቴሌቪዥን ዘመቻ ከፍቶ ነበር። የዘመቻው ፍሬ ሐሳብ «አስቡ፣ አታጭሱ» የሚል ሲሆን ስለ ሱስም ሆነ ስለ በሽታ ብዙም የሚለው አልነበረውም። በሌላ በኩል ከ1998ቱ ስምምነት በተገኘ ገንዘብ የተቋቋመ ድርጅት በ2000 «ትሩዝ» የተባለውን ዘመቻ ጀመረ። ይህኛው ልጆችን አልመከረም፤ ኩባንያዎቹ ልጆችን ለማጥመድ ምን ሲያደርጉ እንደኖሩ በወጣቶች አንደበት አጋለጠ እንጂ።

ሁለቱን ዘመቻዎች ያነጻጸረና በ2002 የታተመ ጥናት «ትሩዝ»ን ያዩ ወጣቶች በትምባሆ ላይ ያላቸው ተቃውሞ ሲጠነክር የኩባንያውን ዘመቻ ያዩት ግን ወደፊት የማጨስ ሐሳባቸው በመጠኑ ከፍ ማለቱን አሳየ። በ2005 የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ ከ1999 እስከ 2002 በአሜሪካ ተማሪዎች ዘንድ የማጨስ መጠን ከ25.3 ወደ 18.0 በመቶ መውረዱንና ከዚህ ቅናሽ 22 በመቶ ያህሉ የ«ትሩዝ» ድርሻ መሆኑን ገመተ። ወላጆች ልጆቻቸውን እንዲመክሩ የሚያሳስበውን የኩባንያ ማስታወቂያ በተመለከተም በ2006 የወጣ ጥናት ማስታወቂያውን አብዝተው ያዩ የ10ኛ እና የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ማጨስን ይበልጥ ወደ መቀበል እንዳዘነበሉ አመልክቷል። በዚያው ዓመት የአሜሪካ ፌዴራል ዳኛ ግላዲስ ኬስለር ኩባንያዎቹ ለወጣቶች እንደማያስተዋውቁ እየማሉ ለወጣቶች ሲያስተዋውቁ መኖራቸውን በፍርድ አረጋገጡ።

ኩባንያው ለወጣቱ ያለውን ነገር በጥሞና ብናዳምጠው፣ «ማጨስ የአዋቂዎች ምርጫ ነው፤ አንተ ገና ልጅ ነህ» የሚል ነው። ቶሎ አዋቂ ለመሆን ለሚጣደፍ ልጅ ከዚህ የበለጠ ግብዣ የለም። እንግዲህ ራሳችንን እንጠይቅ፤ እኛስ በትምህርት ቤት መድረክ ላይ ስንቆም የምንለው ከዚህ ምን ያህል ይለያል? «ገና ልጆች ናችሁ፣ ለዚህ አልደረሳችሁም» ስንል ሲጋራን የዕድገት ማዕረግ አድርገን እንሾመዋለን። «ከሠላሳ ዓመት በኋላ ካንሰር ይይዛችኋል» ስንል ለአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ከራሱ ዕድሜ በእጥፍ የሚበልጥ ርቀት ላይ ያለ ነገር እንነግረዋለን። የጠቆረ ሳንባ ስናሳየው ደግሞ ያ ሳንባ የማን እንደሆነ አንነግረውም፤ ባለቤት የሌለው ሳንባ እናሳየዋለን። ፊልሙ ግን ሙሉ ሰው ያሳየዋል። በዚህ ውድድር ተሸናፊው ማን እንደሆነ ለማወቅ ጥናት አያስፈልግም።

የሳንባው ሥዕል ሐሰት ነው ወይም ከትምህርት ቤት ይውጣ ማለቴ አይደለም። የሚለው ሁሉ እውነት ነው። ችግሩ ልጁ ላልጠየቀው ጥያቄ የተሰጠ እውነት መሆኑ ነው።

ወደ አገራችን ስንመለስ

እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው ዓለም አቀፍ የአዋቂዎች የትምባሆ ዳሰሳ መሠረት በኢትዮጵያ ዕድሜያቸው 15 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆኑ ሰዎች ትምባሆ የሚጠቀሙት 5.0 በመቶ ነበሩ፤ ከወንዶች 8.1፣ ከሴቶች 1.8 በመቶ። ይህ መጠን ከብዙ አገሮች ጋር ሲነጻጸር ዝቅተኛ ነው። ብዙዎቻችንም በዚህ እንጽናናለን። እኔ ግን ይህን ቁጥር ከላይ ከጠቀስኩት የላንሴት ግኝት ጎን ለጎን አስቀምጠን እንድናነበው እጠይቃለሁ። አብዛኛው ኢትዮጵያዊ ልጅ ወላጆቹ የማያጨሱ ልጅ ነው። በፊልም ተጽዕኖ ይበልጥ የተነኩት ደግሞ እንዲህ ያሉት ልጆች ነበሩ።

ምክንያቱን ለመረዳት አያስቸግርም። የሚያጨስ አባት ያለው ልጅ የሲጋራን እውነተኛ ገጽታ በየቀኑ ያያል፤ የጠዋቱን ሳል፣ የልብሱን ሽታ፣ ለሲጋራ የሚወጣውን ገንዘብ፣ ሲያጣ የሚነሣበትን ብስጭት ያውቃል። እርግጥ ነው፣ የዚህ ልጅ አደጋ በሌላ በኩል ከፍተኛ ነው። የማያጨስ ቤተሰብ ልጅ ግን ስለ አጫሽ ያለው ዕውቀት ሁሉ ከውጭ የመጣ ነው። በእኛ ባህል ደግሞ ሲጋራ በታላላቆች ፊት የማይጨስ፣ በቤት ውስጥ የማይነሣ ነውር ነው። ነውርነቱ ብዙ ልጆችን ጠብቋል፤ ይህን መካድ አይገባም። ነገር ግን ስለ ነውር ነገር በቤት ውስጥ አይወራምና ልጁ ያየውን ምስል የሚያርምለት ሰው የለም። ቤቱ ዝም ሲል ስክሪኑ ብቻውን ይናገራል።

በሕግ በኩል አገራችን የሠራችው ሥራ ሊመሰገን ይገባዋል። ኢትዮጵያ የዓለም ጤና ድርጅትን የትምባሆ ቁጥጥር ኮንቬንሽን እ.ኤ.አ. በ2014 ያጸደቀች ሲሆን የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ማንኛውንም የትምባሆ ማስታወቂያ፣ ፕሮሞሽንና ስፖንሰርሺፕ ከልክሏል፤ ዕድሜው ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው ትምባሆ እንዳይሸጥ ደንግጓል፤ የማስጠንቀቂያ ሥዕልና ጽሑፍም የፓኮውን 70 በመቶ እንዲሸፍን አድርጓል። ሕጉ የማስታወቂያ ሰሌዳውን አውርዷል። ሆኖም ልጁ በኪሱ በያዘው ስልክ የሚያየው ፊልም፣ የሙዚቃ ክሊፕና አጭር ቪዲዮ የማስታወቂያ ሰሌዳ አይደለም፤ የሚመጣውም ከድንበር ማዶ ነው። የኮንቬንሽኑ አባል አገሮች በየካቲት 2024 እ.ኤ.አ. በፓናማ ባደረጉት ጉባኤ ድንበር ተሻጋሪ የትምባሆ ማስታወቂያንና በመዝናኛ ሚዲያ የሚታይ ትምባሆን የሚመለከቱ ልዩ መመሪያዎችን ማጽደቃቸው ችግሩ የሁሉም አገር መሆኑን ያሳያል።

ሌሎች አገሮች የሞከሯቸው መንገዶች ትምህርት ይሰጡናል። ቱርክ በ2008 ባወጣችው ሕግ ትምባሆ በቴሌቪዥን እንዳይታይ ስለከለከለች ጣቢያዎች በተዋናዩ እጅ ያለውን ሲጋራ በጭጋግ ይሸፍኑታል። በእኔ አመለካከት ይህ ብቻውን በቂ አይደለም፤ ጭጋጉ ሲጋራውን ይሸፍናል እንጂ የሰውየውን አኳኋን አይሸፍንም፤ ልጁም ከጭጋጉ በስተጀርባ ያለውን ያውቃል። ህንድ በ2012 ሥራ ላይ ባዋለችው ደንብ የማጨስ ትዕይንት ያለባቸው ፊልሞች በመጀመሪያና በመካከል የጤና መልእክት እንዲያሳዩ፣ ሲጋራ በሚታይበት ጊዜም በስክሪኑ ግርጌ ማስጠንቀቂያ እንዲጻፍ አዛለች። ይህ አሠራር ከ1999ቱ ሙከራ ውጤት ጋር የሚቀራረብ በመሆኑ የተሻለ ሆኖ ይታየኛል፤ ምስሉን ከመደበቅ ይልቅ ለምስሉ መልስ ይሰጣልና።

ምስሉ መልኩን እየለወጠ መሆኑንም መዘንጋት አይገባም። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2015 ለገበያ የቀረበው ጁል የተባለው የኤሌክትሮኒክ ሲጋራ በወጣት ሞዴሎችና በማኅበራዊ መገናኛ ገጾች ከተዋወቀ በኋላ በሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ዘንድ የኤሌክትሮኒክ ሲጋራ ተጠቃሚነት በ2017 ከነበረበት 11.7 በመቶ በ2019 ወደ 27.5 በመቶ አሻቅቧል። በሁለት ዓመት ውስጥ! በእኛ አገር ሺሻም በሙዚቃ ክሊፖችና በፎቶግራፎች ከምቾትና ከዘመናዊነት ጋር ተያይዞ ሲቀርብ እናያለን። ልጁ የሚማረው ትምህርት አንድ ነው፤ የሚለወጠው ዕቃው ብቻ ነው።

ምን ማድረግ ይገባናል?

ከላይ ከተባለው በመነሣት በየዕለቱ ሥራችን ልንለውጣቸው የምንችላቸውን ጥቂት ነገሮች አቀርባለሁ።

በመጀመሪያ፣ ታዳጊ ታካሚን ስንመረምር ስለ ማጨስ የምንጠይቀው ወላጅ በሌለበት ይሁን። «ታጨሳለህ?» የሚለው ጥያቄ እናቱ አጠገብ ለተቀመጠ ልጅ አንድ መልስ ብቻ አለው። «ከጓደኞችህ መካከል የሚሞክር አለ? አንተስ ሞክረህ ታውቃለህ?» ብሎ መጀመር ይሻላል። የሞከረ ልጅ ሲገኝ ቁጣና ስብከት ሳይሆን ሱስ በሳምንታት ውስጥ ሊጀምር እንደሚችል የሚገልጽ አጭርና ግልጽ መረጃ ልንሰጠው፣ የቀጠሮ ቀንም ልንቆርጥለት ይገባል።

ሁለተኛ፣ በትምህርት ቤት ስናስተምር ከሳንባው በፊት በምስሉ እንጀምር። ተማሪዎቹ የሚያውቁትን የማጨስ ትዕይንት ራሳቸው እንዲጠቅሱ እንጠይቃቸው። «ይህ ሰው ሲጋራውን ባይዝ ኖሮ ምን ይጎድለው ነበር? ከዚህ ትዕይንት የተቆረጠው ምንድን ነው? ነገ ጠዋት ይህ ሰው ሲነቃ ምን ይሰማዋል? በዚህ የሚያተርፈው ማን ነው?» ብለን እንወያይ። ለዚህ ዕድሜ ቅርብ የሆኑትን ጉዳቶች እናስቀድም፤ የኪስ ገንዘብ፣ የአፍ ሽታ፣ በሩጫ መድከም፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ነጻነትን ማጣት። ለማንም አልታዘዝም የሚል ልጅ ኒኮቲን በየሰዓቱ የሚያዘው ጌታ መሆኑን ሲረዳ ጀግናው ሰውዬ ሌላ መልክ ይይዝበታል።

ሦስተኛ፣ «ለአዋቂዎች ብቻ» የሚለውን አነጋገር ከአፋችን እናውጣ። ሲጋራ በአሥራ ሦስት ዓመትም በስድሳ ዓመትም ጎጂ ነው። በሥራ ልብሳችን ላይ ሆነን በጤና ተቋም ግቢ ውስጥ የምናጨስ ባለሙያዎች ካለንም ለሚያየን ልጅ አንድ ተጨማሪ ፊልም እያሳየነው መሆኑን እንወቅ።

አራተኛ፣ ከፊልምና ከድራማ ባለሙያዎች ጋር የመነጋገር ልምድ ይኑረን። ደራሲን ይህን ጻፍ፣ ያንን አትጻፍ ማለት የሐኪም ሥራ አይደለም። ነገር ግን ሲጋራ ለገጸ ባሕርይው አስፈላጊ ከሆነ ዋጋውም አብሮ ይታይ ብሎ መጠየቅ ሥነ ጥበብን መንካት አይሆንም። እንዲያውም ለማቆም እየሞከረ የሚወድቅና የሚነሣ አጫሽ ቀዝቅዞ ጭስ ከሚያቦን ጀግና ይልቅ የበለጸገ ገጸ ባሕርይ ነው። ቁጥር ስንጠቅስም ያልተጠናውን አጋንነን አናቅርብ። ወጣቶች አንድ ጊዜ ያጋነነን ሰው እውነቱን ሲናገርም አያምኑትም።

ያ ልጅ ዛሬ ከትምህርት ቤቱ ወጥቶ ይሆናል። እንደገና ቢጠይቀኝ ኖሮ እንዲህ እለው ነበር፦ ፊልም ላይ ያለው ሰው የማያስለው ሲያስለው ካሜራው ስለሚጠፋ ነው። ሳሉን የምንሰማው እኛ ነን፤ በተመላላሽ ክፍል፣ በመኝታ ክፍል፣ ሌሊት በተረኛነት። ካሜራው ከጠፋ በኋላ ያለውን የታሪኩን ክፍል የምናውቅ ሰዎች እኛ ስለሆንን መናገር ያለብንም እኛው ነን። ጓደኛዬ ማጨሱን ለማቆም በሚያደርገው ሦስተኛ ሙከራ ላይ ይገኛል። በፈቃዱ አንድ ቀን ከእኔ ጋር ወደ አንድ ትምህርት ቤት ሄዶ ለተማሪዎች እንዲናገር ጠይቄው ተስማምቷል። በዚያ ቀን የሳንባ ሥዕል አልይዝም።